መዋጥ ሲያስቸግር፦ ስለ ምግብ ቧንቧ ነቀርሳና ስለ መድኃኒቱ

በመካነ ሰላምና በአካባቢው ደጋ ቀበሌዎች የምታገለግሉ ሁሉ፣ ይህን ትምህርት በኅብረት እንድታጠኑት እንጠይቃለን።

1. ምልክቱ። በመጀመሪያ እንጀራው ይተናነቃል፤ ቀጥሎ ገንፎው፣ በመጨረሻም ውኃው አልወርድ ይላል። ሰውየው ይከሳል። ብዙዎች ወደ ሐኪም የሚሄዱት ግን ፈሳሽ እንኳ መዋጥ ሲሳናቸው ነው። በአገራችን በሽታው በአርሲና በባሌ በብዛት ይታያል፤ ወሎ ግን ነፃ ነው ማለት አይደለም። ትንባሆና አረቄ አደጋውን ይጨምራሉ። ከ65 ዲግሪ በላይ የሚፋጅ መጠጥንም የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ነቀርሳ ሳያመጡ አይቀሩም ከተባሉት ነገሮች ጋር መድቦታል።

2. መድኃኒቱ። ነቀርሳው ወደ ጉበት ወይም ወደ ሳንባ ከተዛመተ ቀዶ ሕክምና አያድነውም። በዚህ ጊዜ ሐኪሞች መድኃኒቶችን አጣምረው በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይሰጣሉ። ከነዚህ የታወቁት ሲስፕላቲንና ፍሎሮዩራሲል ናቸው። የመጀመሪያው የሕዋሱን ዲ.ኤን.ኤ. ያጣብቃል፤ ሁለተኛው አዲስ ዲ.ኤን.ኤ. እንዳይሠራ ያግዳል። ስለዚህ ከአንዱ ያመለጠ ሕዋስ በሌላው ሊያዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ በባለጸጋ አገሮች የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቃ መድኃኒት ይታከልበታል፤ ዋጋው ግን እጅግ ውድ ነው።

3. እውነቱ። መድኃኒቱ የተዛመተውን በሽታ ነቅሎ አያጠፋም። ለአንዳንዱ ዕጢውን አሳንሶ መዋጥን ያቃልላል፣ ዕድሜም በወራት ይጨምራል፤ ለሌላው አይረዳም። እጅግ ለደከመ ሰው ጉዳቱ ከጥቅሙ ሊበልጥ ይችላል። መዋጥን ለማቃለል ብቻ በቧንቧው ውስጥ የሚገባ ስቴንት የተባለ የብረት ቱቦም አለ። እንግዲህ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ድረስ ለመመላለስ በሬው ከመሸጡ በፊት ቤተሰቡ ሐኪሙን ይጠይቅ፦ በሽታው የት ደርሷል? ስንት ጊዜ መመላለስ አለብን? ከሕክምናውስ ምን እንጠብቅ?

4. ጥንቃቄው። ሲስፕላቲን ኩላሊትን ስለሚጎዳ በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ አብሮ ይሰጣል። ማስታወክ፣ የአፍ ቁስልና ተቅማጥ ሊያስከትሉ ይችላሉ። ከሁሉ የከፋው ግን የነጭ ደም ሕዋስ ማነስ ነው። ወደ መንደሩ የተመለሰ በሽተኛ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሳያድር በአቅራቢያው ወዳለው ሆስፒታል ይወሰድ፤ መድኃኒት መጀመሩም ለሐኪሙ ይነገር። «ብርድ ነው፣ ያልፋል» ብሎ ማሳደር ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል።

ለውይይት፦
ሀ. በቀበሌያችን መዋጥ ያስቸገረው ሰው አለን? ማን ወደ ሐኪም ያደርሰዋል?
ለ. ለበሽተኛው እውነቱን ማን፣ እንዴት ይንገረው?
ሐ. በሌሊት ትኩሳት ቢነሣ መኪና ከየት ይገኛል?