ከጉርድ ሾላ እስከ ከተማው ምክር ቤት፦ ለመምረጥም ለመመረጥም ለሚያስቡ ተመላሾች

ከረጅም ዓመታት በኋላ ወደ አገር ተመልሰው ጉርድ ሾላ ቤት የገዙ ወይም የተከራዩ ወገኖች ሰፈሩን ከለመዱ በኋላ አንድ ሐሳብ ይመጣባቸዋል፦ «ለምን ለምክር ቤት አልወዳደርም?» ሐሳቡ ተገቢ ነው። አሌክሳንደር አሰፋ በ2018 እ.ኤ.አ. ለኔቫዳ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ሲመረጡ፣ አባታቸው ኢትዮጵያዊ የሆኑት ሳምራ ብሩክ ደግሞ በ2020 እ.ኤ.አ. ለኒው ዮርክ ግዛት ሴኔት ሲመረጡ ብዙዎቻችን ተደስተናል። በሰው አገር የተቻለው በእናት አገር የማይቻልበት ምክንያት የለም። ቅደም ተከተሉ ግን ይለያል። እዚህ ነገሩ የሚጀምረው ከፓስፖርት ነው፤ ቀጥሎ አድራሻ፣ ከዚያ በኋላ እጩነት ይመጣል። ቅደም ተከተሉን ያዛባ ሰው ገንዘቡንም የደጋፊዎቹንም ተስፋ ያባክናል።

በቅድሚያ ዜግነት

የውጭ ዜግነት የወሰደ ሰው «ቢጫ ካርድ» የምንለው የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ ቢኖረውም መምረጥም መመረጥም አይችልም። መታወቂያው የተመሠረተበት የ1994 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 270 ብዙ መብት ይሰጣል፦ ያለ ቪዛ መግባትን፣ ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራትን፣ ንብረት ማፍራትን። በየትኛውም የመንግሥት እርከን መምረጥንና መመረጥን ግን በግልጽ ይከለክላል። የ1996ቱ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ደግሞ ጥምር ዜግነትን አይቀበልም፤ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያን ዜግነት እንደተወ ይቆጠራል።

የመመለሻው በር የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 22 ነው። ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ኢትዮጵያ ተመልሶ መኖር፣ የውጭውን ዜግነት መተው እና ለባለሥልጣኑ ማመልከት። ዛሬ ጉዳዩን የሚያየው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ነው። አጥብቄ የምመክረው አንድ ነገር አለ፤ የያዙትን ዜግነት ከመተውዎ በፊት አገልግሎቱ ምን ማስረጃ እንደሚፈልግና በምን መልክ እንደሚቀበል ቀድመው ያጣሩ። የአንዱን አገር ዜግነት አስረክቦ የሌላውን ሳይዙ መቆየት ለባለቤቱም ለቤተሰቡም ከባድ ነው። የጡረታን፣ የግብርንና የልጆችን ጉዳይም ከሕግ ባለሙያ ጋር ሳይነጋገሩ አይወስኑ።

የእጩ ዜግነት ጥያቄ በአደባባይ የተነሣበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። ጃዋር መሐመድ በታኅሣሥ 2012 የኦሮሞ ፌደራሊስት ኮንግረስን ሲቀላቀሉ የአሜሪካ ዜግነት ስለነበራቸው ምርጫ ቦርድ ማስረጃ እንዲቀርብለት ፓርቲውን በደብዳቤ ጠየቀ። የፓርቲው ወገን የውጭ ዜግነታቸውን መተዋቸውንና ኢትዮጵያዊነታቸውን ለማስመለስ ማመልከታቸውን ገለጸ። ነገሩ ለወራት ሲያወዛግብ ከረመ። ስመ ጥር ፖለቲከኛ ላይ የተነሣ ጥያቄ እርስዎን አያልፍም። ስለዚህ ዜግነትዎ በወረቀት ሳይረጋገጥ እጩነትዎን ለማንም አያብሥሩ።

ኢትዮጵያዊ ፓስፖርታቸውን ጠብቀው ውጭ የኖሩ ሰዎች ይህ ሁሉ አይመለከታቸውም። እነሱም ቢሆኑ ውጭ አገር ሆነው ድምፅ መስጠት አይችሉም፤ በ2013ቱ ምርጫ በኤምባሲዎች የተከፈተ የዲያስፖራ ምርጫ ጣቢያ አልነበረም።

ከዚያ አድራሻ

መራጭ ለመሆን ዜግነት፣ 18 ዓመት መሙላትና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር ያስፈልጋል። ስድስቱን ወር የሚያስቆጥረው ወረቀት ነውና የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት አይዘግዩ። ወረዳው የመኖሪያ ቤት ማስረጃ ይጠይቃል። የራስዎ ቤት ከሆነ ካርታውን ይያዙ። ተከራይ ከሆኑ ውሉ በጽሑፍ የተደረገና የተመዘገበ ይሁን፤ የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320ም ይህንኑ ያዛል፤ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስም ይደነግጋል። በአከራይ ቃል ብቻ የሚኖር ሰው ነዋሪነቱን ለማስረዳት ይቸገራል። የፋይዳ (የብሔራዊ መታወቂያ) ቁጥርም ቀድመው ይያዙ፤ በየቢሮው ይጠየቃል።

ጉርድ ሾላ ላይ ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ። ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ የሚወስደው ዋና መንገድና በመሐሉ የሚያልፈው ቀላል ባቡር ሰፈሩን ለሁለት ይከፍሉታል፤ አካባቢው የካና ቦሌ ክፍለ ከተሞች የሚዋሰኑበት ነው። በ2013 ደግሞ ከሁለቱ ተቆርሶ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ተመሠረተ። «ጉርድ ሾላ ነው የምኖረው» ማለት ስለዚህ ለባለታክሲ እንጂ ለምርጫ አስፈጻሚ በቂ መልስ አይሆንም። ከአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ሕንፃ ትይዩ የሚኖር ጓደኛዎ በሌላ ወረዳ ሊመዘገብ ይችላል። የምርጫ ክልል ቁጥርም ከወረዳ ቁጥር ጋር አንድ አይደለም። የትኛው ክልል ውስጥ እንዳሉ ከወረዳው ጽሕፈት ቤትና ከቦርዱ ያረጋግጡ፤ እጩ ለመሆን ካሰቡ ይህ የሥራዎ መጀመሪያ ነው።

ወንበሩ ምንድን ነው?

የአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት 138 መቀመጫ አለው። ከንቲባውን የሚመርጠው፣ በጀት የሚያጸድቀው፣ የከተማዋን አዋጅ የሚያወጣው እሱ ነው። የየካ ኮረብቶች ላይ ያለው ቤት ውኃ ሲጠፋበት፣ ከእንጦጦ ግርጌ ያለው ሰፈር ጎርፍ ሲያስቸግረው የበጀቱ ጥያቄ የሚያርፈው እዚያ ነው። ለተወካዮች ምክር ቤት ከተማዋ የምትልከው 23 አባላት ብቻ ነው። ሁለቱን አያምታቱ፤ በምርጫው ቀን መራጩ ለየብቻ ሁለት የድምፅ መስጫ ወረቀት ይሰጠዋል። ለከተማው ምክር ቤት ስንት እጩ ላይ ምልክት እንደሚደረግ አስቀድመው ይወቁ።

ይህ ወንበር ክብደት እንዳለው በ1997 ታይቷል። ያኔ የተቃዋሚዎቹ ጥምረት ቅንጅት ከ138ቱ 137ቱን አሸንፎ፣ ውጭ አገር ተምረውና አስተምረው የተመለሱት ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ለከንቲባነት ተመርጠው ነበር። ሥልጣኑን ሳይረከቡ ታሰሩ። ታሪኩ መራራ ነው፤ ቢሆንም የአዲስ አበባ ሰው በድምፁ መጠቀም እንደሚያውቅበት ይመሰክራል።

እጩ መሆን

የምርጫ ሕጉ መሠረት በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1162 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስለተሻሻለ የቅርብ ጊዜውን ቅጂና የቦርዱን መመሪያዎች ይያዙ። እጩ 21 ዓመት የሞላው፣ የአካባቢውን የሥራ ቋንቋ የሚያውቅና ከምርጫ ክልሉ ጋር የነዋሪነት መስፈርቱን የሚያሟላ መሆን አለበት። ዳኛ፣ ወታደር ወይም ፖሊስ ከሆነ ሥራውን ይለቃል። በፓርቲ ወይም በግል መቅረብ ይቻላል። የግሉ መንገድ ጠባብ ነው፦ በሰኔ 2013 ድምፅ ከተሰጠባቸው 436 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ብልጽግና 410 ሲያገኝ የግል እጩዎች ያገኙት 4 ነው።

ቅስቀሳውን በተመለከተ የፌስቡክ ተከታይ ብዛት አያታልልዎት። ጉርድ ሾላ ላይ ሰው የሚያውቅዎ በዕድር፣ በማኅበር፣ በለቅሶ ቤት ነው። ዕድር ይግቡ፤ ምርጫ ሲደርስ ሳይሆን እንደተመለሱ። ድንኳን ሲተከል ወንበር ያነሣ ሰው ስሙ ይጠራል። የዕድርን ስብሰባ ግን የቅስቀሳ መድረክ አያድርጉት፤ አባላቱ የተለያየ ፓርቲ ደጋፊዎች ናቸው። ገንዘብ ላይም ይጠንቀቁ። ሕጉ ከውጭ መንግሥታትና ድርጅቶች ርዳታ መቀበልን ይከለክላል፤ ከባሕር ማዶ ወዳጆችዎ አንድ ብር ከመቀበልዎ በፊት የተፈቀደ መሆኑን ከቦርዱ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ለእያንዳንዱ ገቢና ወጪ ደረሰኝ ይያዙ።

በቢጫ ካርድ ለቀረው

ዜግነትዎን ለመለወጥ ካልወሰኑ የድምፅ መስጫው ወረቀት አይመለከትዎትም፤ የሰፈሩ ጉዳይ ግን ይመለከትዎታል። የትምህርት ቤት ወላጆች ስብሰባ፣ የኮንዶሚኒየም ማኅበር፣ ወረዳው የሚጠራው የነዋሪዎች ውይይት ክፍት ነው። ድምፅ ያላቸውን ጎረቤቶችዎን እንዲመዘገቡ ያበረታቱ። ለማን ይምረጡ ብለው ግን አይጫኗቸው፤ ድምፁ የራሳቸው ነው።

ዜግነት ኖሮዎት ድምፅ የሚሰጡ ከሆነ ግን የመራጭነት ካርድዎን ይዘው በማለዳ ይሰለፉ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ሰልፉ ስላላለቀ ቦርዱ ሰዓቱን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አራዝሞ ነበር። ቆጠራው እዚያው ጣቢያው ውስጥ ይደረጋል፤ ውጤቱም በራፉ ላይ ይለጠፋል። በማግሥቱ ሄደው ያንብቡት፤ ጎረቤትዎንም ያስነብቡ።

ወገኖቼ፣ ይህች ከተማ ውጭ አገር ያካበታችሁትን ዕውቀት ትፈልጋለች። ምርጫው እስኪቃረብ አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት የዜግነት ጉዳያችሁን አጣሩ፣ የነዋሪነት መታወቂያችሁን አውጡ፣ ዕድር ተመዝገቡ። ሕጉን አክብሮ የመጣ እጩ ቢያሸንፍም ባያሸንፍም ለሰፈሩ ጥሩ ነገር አስተምሮ ያልፋል።