ትምህርት 14፦ የእጅ ምልክትና የአቤቱታ አጻጻፍ

አቤቱታ አንድ ሰው የደረሰበት በደል ወይም የተወሰነበት ቅጣት እንደገና እንዲታይለት ለሚመለከተው ክፍል በጽሑፍ የሚያቀርበው ማመልከቻ ነው። ከተራ ማመልከቻ የሚለየው ጸሐፊው አንድ ነገር እንዲፈቀድለት ሳይሆን አንድ የተፈጸመ ድርጊት እንዲመረመርለት የሚጠይቅ በመሆኑ ነው። ስለዚህ ድርጊቱን የሚገልጹት ግሦች ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻሉ።

ለትምህርታችን እንዲያመች በድሬዳዋ ከተማ የሆነ አንድ ጉዳይ እናስብ። ይህች በ1902 እ.ኤ.አ. ከምድር ባቡሩ ጋር የተወለደች ከተማ በደቻቱ ወንዝ ለሁለት የተከፈለች ናት። በከዚራ በኩል መንገዶቹ ቀጥ ብለው የተቀየሱና በዛፍ ጥላ የተሸፈኑ ሲሆኑ በመጋላ በኩል ግን እግረኛውና ባጃጁ እየተጋፉ ያልፋሉ። አንድ የባጃጅ አሽከርካሪ ከመጋላ ወደ ከዚራ ሲጓዝ በመስቀለኛ መንገድ ላይ የቆሙ የትራፊክ ፖሊስ እጃቸውን ሲያንቀሳቅሱ ያያል። ‹‹ና›› ያሉት መስሎት ይገባል። እርሳቸው ግን ‹‹ዝግ በል፣ ቁም›› ማለታቸው ነበር። የክስ ወረቀት ተጻፈበት። ባጃጁ የሌላ ሰው ንብረት ነውና ለባለቤቱ የዕለቱን ገቢ አስረክቦ ቅጣቱን ቢከፍል ማታ ወደ ቤቱ ይዞት የሚገባ ነገር አይኖርም።

እንዲህ ያለው ስሕተት የሚያስገርም አይደለም። በአገራችን ሰው ስንጠራ መዳፋችንን ወደ ምድር አድርገን ጣቶቻችንን እናጥፋለን። ‹‹ፍጥነትህን ቀንስ›› ስንልም መዳፋችንን ወደ ምድር አድርገን እጃችንን ከፍ ዝቅ እናደርጋለን። ከሩቅ ለሚመለከት፣ በተለይም ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታው፣ ሁለቱን መለየት ቀላል አይሆንም።

አሽከርካሪው በንዴት የጻፈው የመጀመሪያ አቤቱታ የሚከተለው ነበር፦ ‹‹ፖሊሱ እለፍ አለኝ፣ አለፍኩ፣ ቀጣኝ።›› እዚህ ላይ ‹‹አለ›› የሚለውን ግሥ ልብ በሉ። በአማርኛ ይህ ግሥ ከአፍ ለወጣ ቃል ብቻ አይነገርም። ‹‹በሩ አልከፈት አለኝ››፣ ‹‹ሰማዩ ሊዘንብ አለ›› እንላለን፤ በርም ሰማይም አንደበት የላቸውም። በጨዋታ ላይ ይህ የቋንቋችን ውበት ነው፤ በአቤቱታ ላይ ግን ወጥመድ ይሆናል። ፖሊሱ ‹‹እኔ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም›› ብለው ቢመልሱ እውነታቸውን ነው። ‹‹አለኝ›› በሚለው ውስጥ ያለችው ‹‹ኝ››ም ምልክቱ ለእርሱ የተሰጠ መሆኑን አስቀድማ ታውጃለች፤ ክርክሩ ግን ገና በዚሁ ላይ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ያየውን በአንድ ግሥ፣ የተረዳውን በሌላ ግሥ ለይቶ ይጻፍ።

የክስ ወረቀቱም ከዚህ ጉድለት ነጻ አይደለም። ‹‹ቁም ሲባል ያልቆመ›› ይላል። ‹‹ሲባል›› ተደራጊ ግሥ ስለ ሆነ ማን እንዳለና በምን ዓይነት ምልክት እንዳለ ይሸሽጋል።

ጊዜን የሚያመለክቱ ቃላትም እንዲሁ ናቸው። በ1968 እ.ኤ.አ. በቪየና የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት እንደሚለው፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የተነሣ የፖሊስ ክንድ ለሁሉም ‹‹ቁም›› ማለት ነው፤ ሆኖም ያለ አደጋ ሊቆም የማይችለውን አሽከርካሪ አይመለከትም፣ ቀድሞ መስቀለኛው ውስጥ የገባውንም እንዲቆም አያስገድድም። እንግዲህ ‹‹እጃቸውን ሲያነሡ ገባሁ›› በሚለውና ‹‹ከገባሁ በኋላ እጃቸውን አነሡ›› በሚለው መካከል ያለው ልዩነት የጥፋተኛና የንጹሕ ሰው ልዩነት ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ የሚመረጠው የሆነው ነው፤ የሚጠቅመውን ብቻ የመረጠ ሰው በመጀመሪያው ምስክር ፊት ይረታል።

አቤቱታው ተስተካክሎ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

‹‹እኔ አመልካች ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ባጃጅ እያሽከረከርኩ ከመጋላ ወደ ከዚራ ስጓዝ፣ በመስቀለኛው መንገድ የቆሙት የትራፊክ ፖሊስ መዳፋቸውን ወደ ምድር አድርገው እጃቸውን ሲያንቀሳቅሱ አየሁ። ቃል ሲናገሩ አልሰማሁም። ምልክቱ ‹ና› ማለት መስሎኝ ገባሁ። ከገባሁ በኋላ ክንዳቸውን ወደ ላይ አነሡ፤ እኔም መንገዱን ተሻግሬ ቆምኩ። ተሳፍረው የነበሩ አንድ ሰው ያዩትን ለመመስከር ፈቃደኛ ስለ ሆኑ፣ ቃላቸው ተሰምቶ ጉዳዩ እንደገና እንዲመረመርልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።››

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ‹‹ግፍ››ም ‹‹በደል››ም የሚሉ ቃላት የሉም። ፖሊሱም ‹‹አንቱ›› ተብለዋል፤ ይህ የማመልከቻ ወግ ነው እንጂ ማቆላመጥ አይደለም።

መልመጃ። ‹‹ፖሊሱ ሲያስቆሙኝ ቆሜ ነበር›› የሚለው ዓረፍተ ነገር ሁለት ትርጉም ይሰጣል። ሁለቱን ለይታችሁ በየራሳቸው ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ቀጥሎም ራሳችሁን በፖሊሱ ቦታ አድርጋችሁ፣ ያንኑ ድርጊት ‹‹አለ›› እና ‹‹ተባለ›› የሚሉትን ግሦች ሳትጠቀሙ ለአለቃችሁ በአንድ አንቀጽ ግለጹ።