ፒያኖን ከረዥም ጊዜ በኋላ ተመልሶ ስለ መማር

በልጅነቱ ፒያኖ ተምሮ፥ በኑሮ ምክንያት ትቶት፥ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ትምህርቱ ለመመለስ የሚሻ ሰው ከሁለት አሳብ በአንዱ ይሰናከላል። አንዱ «ጊዜው አልፎብኛል» ማለት ነው፤ ሁለተኛው «ካቆምሁበት እቀጥላለሁ» ማለት ነው። ሁለቱም ትክክል አይደሉም።

ጊዜው እንደማያልፍ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ታሪክ ያስረዳል። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እማሆይ በ1923 በአዲስ አበባ ተወለዱ፤ በልጅነታቸው በስዊስ አገር፥ በወጣትነታቸውም በካይሮ ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ሙዚቃ ተማሩ። ኋላም ዓለምን ትተው ወደ ግሸን ማርያም ገዳም ገቡና 10 ዓመት ያህል ቆዩ። ወደ አዲስ አበባ በተመለሱ ጊዜ ፒያኖውን እንደ ገና ያዙ። የመጀመሪያው ሸክላቸው የታተመው ከዚያ በኋላ ነው። በ2023 በኢየሩሳሌም ዐረፉ፤ ዛሬ በዓለም የሚደመጠው የፒያኖ ድርሰታቸው ሁሉ የተቀዳው ከግሸን ከተመለሱ በኋላ ነው።

ካቆሙበት መቀጠል የማይቻለው ስለ ምንድር ነው? ጆሮና አእምሮ የተማሩትን ብዙ ጊዜ ይይዛሉ፤ የጣቶች ቅልጥፍናና ኖታ የማንበብ ፍጥነት ግን ይደክማሉ። ስለዚህ ጆሮ የሚፈልገውን ጣት መፈጸም ያቅተዋል። ተማሪው ተናዶ በኀይል ቢመታ አንጓውን ያሳምማል እንጂ አይረባውም። በዚህ ምክንያት ትምህርቱ ከቀድሞው ደረጃ ዝቅ ብሎ ይጀመር፤ የሚከተለውም ሥርዐት ይጠበቅ።

1ኛ/ ብዙ ዓመት የቆየ ፒያኖ ቅኝቱ ይወርዳልና አስቀድሞ በባለሙያ ይቃኝ።

2ኛ/ የዶ ሜጀር ስኬል በየእጁ ለብቻ ይመታ። አውራ ጣት 1፥ ትንሿ ጣት 5 ተብለው ሲቈጠሩ፥ ቀኝ እጅ ወደ ላይ ሲወጣ 1፣ 2፣ 3፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 ነው፤ ግራ እጅ 5፣ 4፣ 3፣ 2፣ 1፣ 3፣ 2፣ 1 ነው። ሜትሮኖሙ በደቂቃ 60 ጊዜ ሲመታ፥ በአንድ ምት አንድ ድምፅ ይበቃል። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

3ኛ/ ጣቶች ከተፍታቱ በኋላ፥ ባኽ ለተማሪዎች ካዘጋጃቸው 15 ባለ ሁለት ድምፅ ኢንቬንሽኖች አንዱ ይጠና። በእነዚህ ድርሰቶች ግራ እጅ አጃቢ ብቻ ሳይሆን እንደ ቀኙ ዜማ ይይዛል፤ ስለዚህ የደከመው እጅ ቶሎ ይታወቃል።

4ኛ/ በየቀኑ 20 ደቂቃ መሥራት፥ እሑድ ብቻ 3 ሰዓት ከመቀመጥ ይበልጣል። ሕመም ሲሰማ ወዲያው ማቆም ይገባል።

5ኛ/ መልካሙ ልማድ እንደሚመለስ መጥፎውም ይመለሳልና፥ ከመምህር ፊት መቅረብ ያስፈልጋል።

ለዐዋቂ ሰው አንድ ብልጫ አለው። ሕፃን ታዞ ይለማመዳል፤ ዐዋቂ ግን የስሕተቱን ምክንያት መርምሮ፥ የከበደውን ቦታ ለይቶ፥ በዚያው ላይ ይደክማል።

ተማሪዎች ሆይ! ከእናንተም መካከል ትምህርት ወይም ሥራ ከሙዚቃ የሚያርቀው ይኖራል። የኖታ መጻሕፍታችሁን አትጣሉ። የተማራችሁት ሲቈይ ይደክማል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም፤ ዝቅ ብሎ ለመጀመር የማያፍር ሰው ተመልሶ ያገኘዋል።