ማጣሪያ ሁሉ ወንፊት አይደለም
ስለ ውኃ ማጣራትና ስለ ማጣሪያ አመራረጥ

ማጣራት ማለት ፈሳሽን ወይም ጋዝን ቀዳዳ ባለው አካል ውስጥ በማሳለፍ የያዛቸውን ጠጣር ብናኞች የመለየት ዘዴ ነው። ጠጅ ሲጠለል ያየ ሰው ይህን ትርጓሜ ያለ ችግር ይቀበለዋል። ይሁን እንጂ ትርጓሜው በብዙዎቻችን አእምሮ የሚቀርጸው የወንፊትን ሥዕል ነው፤ ከቀዳዳው የሚበልጠው ይቀራል፣ የሚያንሰው ያልፋል። ለመጠጥ ውኃ ማጣሪያ ስንመርጥ ይህ ሥዕል በሁለት አቅጣጫ ሊያሳስተን ይችላል።

አስቀድመን መጠኖቹን እንመልከት። አንድ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ተቅማጥ አምጪው ጃርዲያ በውኃ ውስጥ በሚገኝበት ቅርጹ ወደ 10 ማይክሮሜትር ይጠጋል። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ከግማሽ እስከ ጥቂት ማይክሮሜትር፣ ቫይረሶች ደግሞ ባመዛኙ ከ0.3 ማይክሮሜትር በታች ናቸው። በውኃ ውስጥ የሟሙ አዮኖች ከእነዚህ ሁሉ እጅግ ያንሳሉ።

ታዲያ ቀዳዳውን ማጥበብ ብቻ አይበቃምን? ችግሩ ያለው ፍሰቱ ላይ ነው። የአንድ ቀጭን ቱቦ ዲያሜትር በግማሽ ቢቀንስ፣ በተመሳሳይ ግፊት በውስጡ የሚያልፈው ውኃ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲም እ.ኤ.አ. በ1856 ባሳተመው ሥራው፣ በአሸዋ ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት ከስፋቱና ከግፊቱ ጋር እንደሚጨምር፣ ከአሸዋው ውፍረት ጋር ግን እንደሚቀንስ አሳይቷል። የሸክላ ማጣሪያ በሰዓት ጥቂት ሊትር ብቻ የሚያንጠባጥበው በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ስሕተት እንለፍ፤ ይኸውም ሰፊ ቀዳዳ ያለው ማጣሪያ ባክቴሪያን ሊያስቀር አይችልም የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 በጀርመኗ ሐምቡርግ ኮሌራ ተነሥቶ ከ8,000 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከተማዋ የኤልበን ወንዝ ውኃ ሳታጣራ ታከፋፍል ነበር። ጎረቤቷ አልቶና ከዚያው ወንዝ፣ ያውም የሐምቡርግ ፍሳሽ ከተቀላቀለበት በታች እየቀዳች፣ ውኃውን በአሸዋ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲያልፍ ታደርግ ስለነበር ጉዳቷ እጅግ ያነሰ ሆነ። በአሸዋ ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ባክቴሪያን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሆኖም ባክቴሪያው በጠመዝማዛው መንገድ ሲጓዝ ከቅንጣቶቹ ጋር እየተጋጨ ይጣበቃል፤ በአሸዋው ገጽ ላይ የሚበቅለው የረቂቅ ተሕዋስያን ንብርብርም ይመገበዋል።

ሌላው ምሳሌ ይበልጥ ያስደንቃል። ሪታ ኮልዌልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ በባንግላዴሽ ገጠር መንደሮች ያሉ ሴቶች የወንዝና የኩሬ ውኃን ቢያንስ አራት ጊዜ በታጠፈ አሮጌ ሳሪ እንዲያጠሉ በማድረግ የኮሌራ ሕሙማን ቁጥር በግማሽ ያህል እንዲቀንስ አስችለዋል። የታጠፈው ጨርቅ ቀዳዳ 20 ማይክሮሜትር ያህል ስለሆነ ለብቻው የሚንሳፈፍ የኮሌራ ባክቴሪያ በቀላሉ ያልፈዋል። ነገር ግን ባክቴሪያው በብዛት የሚገኘው ኮፔፖድ በሚባሉ ጥቃቅን የውኃ እንስሳት ላይ ተጣብቆ ነው፤ ጨርቁም የሚይዘው እነርሱን ነው። አሮጌ ሳሪ የተመረጠው ደጋግሞ የታጠበ ክር ስለሚላላና ቀዳዳውን ስለሚያጠብ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ ይከፋል፤ የጠራ ውኃ ንጹሕ ነው ብሎ ማመን። በስምጥ ሸለቆአችን ብዙ ጉድጓዶች የፍሎራይድ መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ጣሪያ፣ ማለትም በሊትር 1.5 ሚሊግራም፣ በላይ ነው። ውኃው ብርጭቆ ውስጥ ኩልል ብሎ ይታያል፤ ለዓመታት የጠጡት ሕፃናት ግን ጥርሳቸው ይበልዛል፣ መጠኑ ሲበዛም አጥንት ይጎዳል። ፍሎራይድ የሟሟ አዮን በመሆኑ ጨርቅም፣ አሸዋም፣ የሸክላ ማጣሪያም አያስቀረውም። ማፍላትማ ውኃውን በማትነን ክምችቱን ይጨምራል! እዚህ የሚያስፈልገው አዮኑን በገጹ ላይ የሚይዝ ነገር፣ ለምሳሌ የአጥንት ከሰል ነው፤ አለዚያም በከፍተኛ ግፊት የሚሠራው ውድ የሪቨርስ ኦስሞሲስ መሣሪያ።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት የሚቀድመው ጥያቄ «ውኃዬ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ድፍርስ ከሆነ አስቀድሞ ማስፈርና በጨርቅ ማጥለል የማጣሪያውን ዕድሜ ያራዝማል። የሚያሠጋው ባክቴሪያ ከሆነ ደኅና የሸክላ ማጣሪያ ይበቃል፤ ለቫይረስ ግን ክሎሪን ወይም ማፍላት ሊታከልበት ይገባል። የክሎሪን ሽታ ያስቸገረው ሰው ገቢር ካርቦን ይጠቀማል። የሸክላው ማጣሪያ ፍሰቱ ሲቀንስ ገጹን በለስላሳ ብሩሽ ማጠብ ያድሰዋል፤ ከተሰነጠቀ ግን፣ ስንጥቁ የፀጉር ያህል ቢቀጥንም፣ መጣል አለበት። የአጥንት ከሰል ሲሞላ ግን ምንም ምልክት አያሳይም፤ የውኃው ጣዕምም ቀለሙም እንደ ወትሮው ስለሚሆን፣ የሚወጣውን ውኃ በየጊዜው በላቦራቶሪ ማስመርመር የግድ ነው።