የበረዶ ላይ ዳንስ ነጥብ አሰጣጥና የእኛ እርማት

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ ሦስት ዕጩ መምህራን የአንዲት ተማሪ ድርሰት ተቀባብለን አረምን። አንዳችን ከ10 8 ሰጠ፤ ሌላችን 6፤ ሦስተኛችን 5። ለምን እንደተለያየን ስንጠያየቅ አንዱ «ሐሳቧ ደስ ይላል»፣ ሌላው «ፊደል ትገድፋለች» ከማለት ያለፈ መልስ አልነበረንም። ታዲያ ልጅቷ የትኛውን ማርክ ታግኝ?

በዚህ ስንከራከር ነው የበረዶ ላይ ዳንስ ነገር የተነሣው። እርግጥ አብዛኞቻችን በረዶ ላይ ቆመን አናውቅም። ነገር ግን ይህ ስፖርት «ያምራል» የሚባለውን ነገር በቁጥር ለመለካት ከ70 ዓመት በላይ ሲታገል የኖረ በመሆኑ ለሙያችን ትምህርት ይሆናል ብለን አቀረብነው። በጽሑፉ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. የበረዶ ላይ ዳንስ ምንድን ነው?

ሁለት ሰዎች ከሥሩ የብረት ስለት ያለበት ጫማ ተጫምተው በሙዚቃ በረዶ ላይ የሚደንሱት ዳንስ ነው። መሠረቱ የአዳራሽ ዳንስ ይኸውም ዋልስ፣ ታንጎ፣ ፎክስትሮትና የመሳሰለው ነው። በሌላው የጥንዶች ውድድር ወንዱ ሴቷን ከራሱ በላይ ያነሣታል፣ ወርውሮም ያሽከረክራታል። በዳንሱ ግን ይህ አይፈቀድም። የዳንሱ ችሎታ የሚታየው እግር ላይ ነው።

የጫማው ብረት ከሥሩ መካከሉ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ሁለት ጠርዝ አለው፤ የውስጥና የውጭ። ተወዳዳሪው በአንዱ ጠርዝ ላይ ሲያጋድል በረዶው ላይ ቅስት መስመር ይሠራል። በአንድ እግር ሆኖ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ፣ ከፊት ወደ ኋላ መዞር እንግዲህ ዋናው ሙያ ነው። ያውም ሁለት ሰው ተጠጋግቶ፣ ብረት ከብረት ሳይጋጭ!

ለ. የግዴታ ዳንሶች

በ1930ዎቹ ለንደን ውስጥ ብዙ የበረዶ ላይ ዳንሶች ተፈጠሩ። ለምሳሌ ያህል ፓሶ ዶብሌ የተባለውን ሬጂናልድ ዊልኪና ዳፍኒ ዋሊስ በ1938 አወጡት። የእያንዳንዱ ዳንስ መስመር በወረቀት ላይ ተነድፎ፣ የትኛው እርምጃ በየትኛው ጠርዝ፣ በስንተኛው ምት እንደሚሆን ተወስኖ ነበር። ተወዳዳሪዎች ሁሉ ያንኑ ይደንሱ ነበር። ልክ ተማሪዎች አንድ ዓይነት ጽሕፈት ከሰሌዳ እንደሚገለብጡ ማለት ነው።

ዳንሱ በ1952 የዓለም ሻምፒዮና ውድድር ሆነ፤ እንግሊዛውያኑ ጂን ዌስትዉድና ሎውረንስ ዴሚ አራት ዓመት በተከታታይ አሸነፉ። በ1976 ኢንስብሩክ ላይ ወደ ኦሎምፒክ ሲገባ ወርቁን የወሰዱት የሶቪየት ኅብረቶቹ ሉድሚላ ፓኾሞቫና አሌክሳንደር ጎርሽኮቭ ናቸው። ከአሠልጣኛቸው ጋር የፈጠሩት ታንጎ ሮማንቲካም ራሱ የግዴታ ዳንስ ሆነ።

የግዴታ ዳንስ ለማወዳደር ይመቻል፤ ለተመልካች ግን ያንኑ ደጋግሞ ማየት ነው። በ2010 የውድድር ዘመን ማብቂያ ላይ ራሱን የቻለ ክፍል መሆኑ ቀረ።

ሐ. የ6.0 ዘመን

በድሮው አሠራር ዳኛው ለነፃ ዳንስ ሁለት ማርክ ይሰጣል፤ አንዱ ለሙያ፣ አንዱ ለኪነ ጥበብ። የመጨረሻው ከፍታ 6.0 ነው።

በ1984 ሳራዬቮ ላይ እንግሊዛውያኑ ጄን ቶርቪልና ክሪስቶፈር ዲን በራቬል «ቦሌሮ» ደነሱ። የተፈቀደው ጊዜ 4 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ ሲሆን ሙዚቃቸው 4 ደቂቃ ከ28 ሴኮንድ ነበር። ጊዜው የሚቆጠረው ግን ብረቱ በረዶ ላይ ሆኖ መንሸራተት ሲጀመር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን 18 ሴኮንዶች በጉልበታቸው ተንበርክከው ደነሱ! ለነፃ ዳንሳቸው 12 ጊዜ 6.0 ተሰጣቸው፤ ከነዚህም ዘጠኙ፣ ማለትም የሁሉም ዳኞች፣ ለኪነ ጥበብ ነበር።

ታዲያ ችግሩ ምን ላይ ነው? ማርኩ ማን እንደበለጠ ይናገራል እንጂ አምስተኛ የወጣው ምን እንዳጠፋ አይናገርም። ዳኛውም ለምን እንዲህ ሰጠህ ቢባል በዝርዝር የሚያሳየው የለውም። በ1998 በናጋኖ ኦሎምፒክ አንዲት ካናዳዊት ዳኛ ሌላ ዳኛ የዳንሱን ውጤት አስቀድሞ በስልክ ሲነግራት ቀዳችው፤ ሰውዬውም ታገደ። በ2002 ሶልት ሌክ ሲቲ ደግሞ በጥንዶች ውድድር ዳኝነት ላይ ትልቅ ቅሌት ተነሣና ለካናዳውያኑ ሁለተኛ የወርቅ ሜዳሊያ እስከ መስጠት ተደረሰ። ከዚያ በኋላ 6.0 አበቃለት።

መ. አዲሱ አሠራር

ከ2004 ጀምሮ ዳንሱ በየክፍሉ ይታረማል። ክፍሎቹም ማንሳት፣ ባሉበት መሽከርከር፣ የእርምጃ ቅደም ተከተልና ትዊዝል የሚባሉት ናቸው። ትዊዝል ማለት በአንድ እግር ወደፊት እየሄዱ መሾር ሲሆን ሁለቱ ጥንዶች እኩል መሾር አለባቸው።

ሥራው ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ቡድን የተሠራውን ክፍል ለይቶ እስከ 4 የሚደርስ የክብደት ደረጃ ይሰጠዋል። ሌሎቹ ዳኞች የአሠራሩን ጥራት ይመዝናሉ፤ ይህም መጀመሪያ ከ−3 እስከ +3 ነበር፣ ከ2018 ወዲህ ከ−5 እስከ +5 ሆኗል። ከዳኞቹ ማርክ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ይወጣና የቀረው አማካይ ይያዛል። ለአጠቃላይ አቀራረቡም ለብቻው ነጥብ አለ። በመጨረሻም ተወዳዳሪው የት እንዳገኘና የት እንደጣለ ተዘርዝሮ ይታያል።

ይህ ለውጥ ዳንሱን ራሱን ቀየረው። ትዊዝል ድሮ ከብዙ ዙሮች አንዱ ነበር፤ አሁን ሁሉም የሚለማመደው ዋና ክፍል ሆነ። ማንሳቱም እየከበደ ሄደ። ምን ይደረግ፣ ተማሪም የሚያጠናው ማርክ ያለበትን ነው! ሁሉም ደረጃ 4 ሲያሳድድ «ዳንሶቹ ተመሳሰሉ» የሚል ቅሬታ ስለተነሣ፣ ኋላ ላይ የክብደት ደረጃ የማይሰጣቸው፣ ለፈጠራ ክፍት የሆኑ ክፍሎች ተጨመሩ።

ሠ. ወደ ድርሰቱ ስንመለስ

እኛም ድርሰቱን እንደገና ያዝነው። ለሐሳብ 4፣ ለአደራደር 3፣ ለፊደልና ለሥርዓተ ነጥብ 2፣ ለራሷ አገላለጽ 1 መደብን። ውጤቱ 7፣ 7 እና 6 ሆነ። 5 ሰጥቶ የነበረው ጓደኛችን በፊደል ግድፈት ተናድዶ ከሐሳቧም ሳይቀር እንደቀነሰባት ራሱ አመነ። ከሁሉም በላይ ግን ለልጅቷ «አንቀጽሽን እዚህ ላይ ክፈይ» ብለን የምንነግራት ነገር አገኘን። በመጀመሪያው ማርክ ይህን ልንነግራት አንችልም ነበር።

ያልተስማማነው በዚያች በአንዷ ማርክ ነው። ለአገላለጿ ሁለታችን ሰጠናት፣ አንዳችን ከለከልናት። እስካሁንም አልታረቅንም።

ለመወያያ

1. የእርማት ዝርዝር ለተማሪዎች አስቀድሞ ቢነገር ምን ይጠቅማል? ምንስ ይጎዳል?
2. ለፈጠራ ማርክ መመደብ ይገባል? ከተገባስ በምን ይለካል?
3. ጽሕፈት መገልበጥን የመሰለ የግዴታ ልምምድ እስከ ስንተኛ ክፍል መቆየት አለበት?

ዕጩ መምህራንም መምህራኖቻችንም መልሳችሁን ከዚህ ሥር በተለጠፈው ባዶ ወረቀት ላይ ጻፉልን።