ከስሌቱ በፊትና በኋላ፦ አማካዮችን ለምታወዳድር ልጄ

ልጄ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍሽ የጤፍ ዝርያዎችን ምርት ልታወዳድሪ መነሣትሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ሥራ አትፈሪም፤ ጥድፊያሽ ግን ያሳስበኛል። ኮምፒውተሩ አማካዮችን የሚያወዳድረውን ስሌት፣ አኖቫን፣ በቅጽበት ሠርቶ ይሰጥሻል። ተማሪ የሚሳሳተው ከዚያች ቅጽበት በፊትና በኋላ ነውና ረጋ ብለሽ አንብቢኝ።

1. ዝርያዎቹን ሁለት ሁለት እያደረግሽ አትፈትሺ። አምስት ዝርያ ቢኖርሽ አሥር ጥንድ ይወጣል። እያንዳንዱን ጥንድ በቲ-ቴስት፣ በ5 በመቶ የስህተት ዕድል ብትመዝኚ፣ ዝርያዎቹ በእውነቱ እኩል ቢሆኑ እንኳ ቢያንስ በአንዱ ጥንድ ላይ የሌለ ልዩነት “አገኘሁ” የማለትሽ ዕድል ከሩብ በላይ ይሆናል። ደጋግሞ የፈለገ የሌለውንም ያገኛል። አኖቫ ግን አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፦ አማካዮቹ ሁሉ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል ወይ?

2. የአማካዮቹን መራራቅ ከየቡድኑ የውስጥ መለያየት ጋር መዝኚ። ሦስት ዝርያ፣ ለእያንዳንዱም አራት መደብ አለሽ እንበል። ምርቱ በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሆነ ስትመዘግቢ የመጀመሪያው 12፣ 14፣ 14፣ 16፤ ሁለተኛው 14፣ 16፣ 16፣ 18፤ ሦስተኛው 16፣ 18፣ 18፣ 20 ሰጠ። አማካዮቹ 14፣ 16 እና 18 ናቸው። በቡድኖቹ መካከል ያለው የካሬዎች ድምር 32 ነው፤ ከቡድኖቹ ብዛት አንድ ተቀንሶ ለ2 ሲካፈል 16 ይሆናል። በቡድኖቹ ውስጥ ያለው 24 ነው፤ ከመደቦቹ ብዛት የቡድኖቹ ብዛት ተቀንሶ ለ9 ሲካፈል 2.67 ይሆናል። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስታካፍይ ኤፍ 6 ይመጣል፤ የኤፍ ሠንጠረዥ ወሰን በ5 በመቶ 4.26 ነውና አልፎታል። ይህን አንድ ጊዜ በእጅሽ ሥሪው። በእጁ ሠርቶ የማያውቅ ሰው፣ ለኮምፒውተሩ የተሳሳተ ነገር ሲሰጥ አይነቃም።

3. የትኛው ዝርያ የት እንደሚዘራ በዕጣ ወስኚ። ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1919 እንግሊዝ አገር ሮትሃምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ገብቶ ይህን ስሌት ሲያበጅ፣ ዕጣን ከስሌቱ ነጥሎ አላየውም። ማሳው በአንድ ጫፍ ለም፣ በሌላው ጭንጫ ሊሆን ይችላል። አንዱን ዝርያ ለሙ ላይ ብትደረድሪው የመሬቱን ውለታ ለዘሩ ትሰጪዋለሽ። የመሬቱ ልዩነት አስቀድሞ ከታወቀሽ ማሳውን በብሎክ፣ ማለትም አፈሩ በሚመሳሰል ክፍል፣ ክፈይ። ያኔ ግን ብሎኩን በስሌቱም ውስጥ አስገቢው፤ ባለ አንድ መንገዱ አኖቫ ብቻውን አይበቃሽም።

4. የቁጥር ብዛት አያታልልሽ። ከአንድ መደብ የሃያ ተክል ቁመት ብትለኪ፣ አንዱን መደብ ሃያ ጊዜ ለካሽ እንጂ ሃያ ድግግሞሽ አላገኘሽም። ሃያዎቹ አንድ አፈርና አንድ ውኃ ተካፍለው ያደጉ ናቸው። ዕጣው የወጣው ለመደቡ ስለሆነ ድግግሞሽም የሚቆጠረው በመደብ ነው። ብዙ ጊዜ ያየሁት ስህተት ይኸኛው ነው፤ መደቡ ካልተደገመ ደግሞ ምንም ዓይነት ስሌት አያድነውም።

5. ውጤቱን ከማመንሽ በፊት ቀሪዎቹን ተመልከቺ። እያንዳንዱ ልኬት ከራሱ ቡድን አማካይ ምን ያህል እንደራቀ በሥዕል አውጪው። አንዲት ነጥብ ብቻዋን ርቃ ከቆመች የመስክ መዝገብሽን ክፈቺ፤ 14 የነበረው 41 ተብሎ ገብቶ ይሆናል። የቡድኖቹ ስርጭት እጅግ ከተለያየ የዌልች አኖቫ አለልሽ፤ ቅርጹ ከኖርማል በጣም ከራቀ ክሩስካል-ዋሊስን አስቢ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ሳይፈተሽ የተጻፈ ውጤትም ፈታኝ ፊት ይፈታል።

6. ኤፍ “ልዩነት አለ” ሲልሽ፣ ማን ከማን እንደሚለይ ገና አልነገረሽም። ለዚያ የቱኪን ፈተና ተጠቀሚ። ከላይ ባለው ምሳሌ ሁለት አማካዮች ተለያዩ ለማለት ወደ 3.2 ኩንታል መራራቅ አለባቸው። ሦስተኛው ከመጀመሪያው በ4 ስለሚበልጥ ተለይቷል። ሁለተኛው ግን ከሁለቱም በ2 ብቻ ስለሚርቅ ከአንዳቸውም ተለይቷል ማለት አትችይም።

7. ልዩነት አለመታየቱን እኩልነት አታድርጊው። መደብሽ ጥቂት ከሆነ እውነተኛ ልዩነትም ተደብቆ ያልፋል። ስለዚህ ፒ ቫልዩ ብቻ ጽፈሽ አትለፊ፤ አማካዩን፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን፣ የመደቡን ብዛትና በኩንታል የታየውን ልዩነት አብረሽ አስፍሪ። ገበሬው የሚያመዛዝነው ኩንታሉን ነው፤ የዘሩ ዋጋ ያዋጣው እንደሆነም የሚያውቀው በእሱ ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ ዘር ከመዝራትሽ በፊት የማሳውን ንድፍ በወረቀት ሥለሽ ይዘሽልኝ ነይ። ያን ጊዜ ሁሉም ይታረማል፤ ከአጨዳ በኋላ ግን የሚታረመው ጥቂቱ ነው።