የአንድን መሣሪያ አሠራር በጽሑፍ መግለጥ

ሀ. የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

አንድ ተማሪ ኮልፌ ቀራንዮ በሚገኘው ቤታቸው ደጃፍ ላይ አያቱን ፎቶግራፍ ሊያነሣ ተነሣ። ፎቶግራፉ በውጭ አገር ለሚኖረውና እናቱን ካየ ብዙ ዓመት ለሆነው አጎቱ የሚላክ ነበር፤ አያቱም በማግሥቱ ማለዳ ወደ ገጠር ይመለሳሉ። እርሳቸው ነጭ ነጠላ አጣፍተው፣ ጀበናውን ከፊታቸው አድርገው፣ በኖራ በተቀባው ግድግዳ ሥር ተቀመጡ።

ተማሪው የካሜራውን መምረጫ ‹‹ኤ›› ከተባለው ፊደል ላይ አደረገ። በዚህ ስልት የብርሃን መግቢያውን ቀዳዳ ስፋት አንሺው ይወስናል፤ መዝጊያው ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ ግን ካሜራው ይመርጣል። የቀዳዳው ስፋት 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16 በተባሉ ቁጥሮች ይታወቃል። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ቁጥሩ ሲበዛ ይጠብባል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ስለሆነ ብዙ ጀማሪዎችን ያሳስታል። ከአንዱ ቁጥር ወደሚቀጥለው ትልቅ ቁጥር ሲታለፍ የሚገባው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል።

ተማሪው ጀበናውም የአያቱም ፊት ጥርት ብለው እንዲታዩ 8ን መረጠ፤ ካሜራው 1/500 ሴኮንድ ሰጠ። ፎቶግራፉ ሲታይ ነጠላው ዐመድ መስሏል፤ የአያቱ ፊት ጠቁሮ ዓይናቸው እንኳ አይለይም። ‹‹ብርሃን አነሰ›› ብሎ ቀዳዳውን ወደ 4 አሰፋው። ሁለተኛውም እንደ መጀመሪያው ጨለመ! ቀዳዳው አራት እጥፍ ብርሃን ሲያስገባ ካሜራው ጊዜውን ወደ 1/2000 ሴኮንድ አሳጥሮት ነበርና።

ካሜራው ነጠላና ኖራ አያውቅም። ያየው ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ንጣት ሲበዛበት ብርሃኑን ይቀንሳል። መፍትሔው የብርሃን ማረሚያውን ወደ መደመር 1 ማዞር ነው። ተማሪው ቀዳዳውን ወደ 8 መልሶ እንዲህ ሲያደርግ መዝጊያው 1/250 ሴኮንድ ቆየ። ነጠላው ነጣ፤ የአያቱም ፊት ከነፈገግታው ወጣ።

ለ. ማስታወሻ

‹‹ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል›› የሚለው ዐረፍተ ነገር ሁልጊዜ የሚሆነውን ይገልጣል። ‹‹ቁጥሩ ስላነሰ ቀዳዳው ሰፋ›› የሚለው ግን አንድ ጊዜ የሆነውን ከነምክንያቱ ይተርካል። አሠራር ስትገልጡ የመጀመሪያውን፣ የደረሰ ነገር ስትተርኩ ሁለተኛውን ተጠቀሙ።

ሐ. መልመጃ

1. ከምንባቡ ውስጥ ‹‹ሲ-›› ያለባቸውን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ ወደ ‹‹ስለ-›› ለውጡ። ትርጉሙ የሚፋለስበትን ለዩ።

2. ጥቁር ካባ የለበሱ ሰው በጥቁር መጋረጃ ፊት ቆመው ፎቶግራፍ ቢነሡ ማረሚያው ወደየት መዞር እንዳለበት፣ ምክንያቱን ጨምራችሁ በአንድ አንቀጽ ጻፉ።